አሥራ ሁለት ክፍሎች ብቻ፦ የ«ፎልቲ ታወርስ» ኮሜዲ አሠራርና ዕድሜ

«ፎልቲ ታወርስ» የተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ክፍሎች ብቻ አሉት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት በ1975፣ የቀሩት ስድስት በ1979 በቢቢሲ 2 ተላልፈዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ሥራውን ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀን አይቶ መጨረስ ይቻላል። ከ1979 ወዲህ አንድም አዲስ ክፍል አልተሠራም። ይህም ሆኖ የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ2000 የቴሌቪዥን ባለሙያዎችን ድምፅ አሰባስቦ የአገሪቱን መቶ ምርጥ ዝግጅቶች ሲመርጥ፣ ለዓመታት የዘለቁ ድራማዎችንና ታላላቅ ዘጋቢ ፊልሞችን ሁሉ አልፎ አንደኛ የወጣው ይኸው ዝግጅት ነው። የክፍሎቹ ቁጥር ማነስ ብዙውን ጊዜ እንደ ቁጭት ይነሣል። ሥራው እንዴት እንደተጻፈና እንደተቀረጸ ሲመረመር ግን ጥራቱና ማጠሩ ከአንድ ምንጭ የተገኙ መሆናቸው ይታያል።

ታሪኩ የሚካሄደው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቶርኪ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ አነስተኛ ሆቴል ውስጥ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ባዚል ፎልቲ ረጅም፣ ቁጡና ኩሩ ሰው ነው፤ እንግዳ ማስተናገድ ሥራው ቢሆንም እንግዳ የሚባል ፍጡር እንደ ሸክም ይከብደዋል። ሆቴሉን በእርግጥ የምታስተዳድረው ሚስቱ ሲቢል ናት፤ አንደበቷ የተሳለ፣ ጸጉሯ ሁልጊዜ የተሠራ፣ ከስልክ የማትለይ ሴት ናት። ከባርሴሎና የመጣው አስተናጋጅ ማኑኤል እንግሊዝኛ አይገባውም፤ የተቀጠረውም ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ነው። ፖሊ የሥዕል ተማሪ ስትሆን በአስተናጋጅነት ታግዛለች፤ በቤቱ ውስጥ አእምሮው የተረጋጋ ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች ባዚል ያበላሸውን የማቃናት ዕዳ በሷ ላይ ይወድቃል። ከነዚህ ሌላ ዕድሜያቸው የገፋ ጡረተኛ ሻለቃና ሁለት አሮጊቶች በሆቴሉ በቋሚነት ይኖራሉ። ቤተሰብ የሌላቸው አዛውንቶች በእንዲህ ዓይነት የባሕር ዳር ሆቴሎች መኖራቸው በዚያ ዘመን እንግሊዝ የተለመደ ነበር።

የሐሳቡ መነሻ እውነተኛ ሆቴል ነው። በ1970 «ሞንቲ ፓይተን» የተባለው የኮሜዲ ቡድን ለቀረጻ ወደ ቶርኪ ሲሄድ ግሌንኢግልስ በተባለ ሆቴል አርፎ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ለእንግዶቹ ያሳየው ጠባይ ከማስገረም አልፎ የሚያስደነግጥ ነበር። ከቡድኑ አባላት አሜሪካ የተወለደው ቴሪ ጊሊያም በአገሩ ልማድ ሹካና ቢላ መያዙን ነቅፎታል፤ የኤሪክ አይድልን ቦርሳ ደግሞ ቦምብ ሊኖርበት ይችላል ብሎ ውጭ አውጥቶ ጥሎታል። የቡድኑ አባላት ተማርረው ወደ ሌላ ሆቴል ሲሄዱ ጆን ክሊስ እዚያው ቀረ፤ የዚያን ጊዜ ሚስቱ ኮኒ ቡዝም መጥታ ተቀላቀለችው። ሌሎቹ እንደ በደል ያዩትን ጠባይ እነሱ ቁጭ ብለው አጠኑት። ክሊስ በ1971 «ዶክተር አት ላርጅ» ለተባለ ኮሜዲ አንድ ክፍል ሲጽፍ ያንን የሆቴል ባለቤት የሚመስል ሰው አስገባበት። የዚያ ዝግጅት ፕሮዲውሰርም ይህ ሰው ራሱን የቻለ ተከታታይ ኮሜዲ ሊወጣው እንደሚችል ወዲያው ነገረው። ምክሩ ፍሬ ያፈራው ግን ክሊስ ከሞንቲ ፓይተን የቴሌቪዥን ዝግጅት ከወጣ በኋላ ነው።

ክሊስና ቡዝ የመጀመሪያውን ድርሰት በ1974 ለቢቢሲ ሲያቀርቡ የገጠማቸው አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር። አንድ የጣቢያው ገምጋሚ ድርሰቱ በተደጋገሙ ቀልዶችና በታወቁ ገጸ ባሕርያት የተሞላ መሆኑን ጠቅሶ ውጤቱ ውድቀት ብቻ እንደሚሆን በማስታወሻ ጻፈ። ከኃላፊዎቹም አንዱ ታሪኩ ከሆቴሉ ግቢ ካልወጣ ተመልካች እንደሚሰለች ለክሊስ ነግሮት ነበር። የክሊስ መልስ የሥራውን ምሥጢር ይገልጻል፤ ጭንቀቱ የሚጠራቀመው ሰዎቹ ከሆቴሉ መውጫ ስለሌላቸው ነው የሚል ነበር። ቢቢሲ ጥርጣሬው እንዳለ ሆኖ ሥራውን ፈቀደ። የገምጋሚው ስህተት ሊገባ የሚችል ነው። ጨቋኝ ሚስት፣ ፈሪ ባል፣ ቋንቋ የማያውቅ አሽከር፣ ጃጅቶ የሚዘባርቅ ወታደር በወረቀት ላይ ሲነበቡ በእርግጥም ከጥንት ጀምሮ በመድረክ የታዩ ሰዎች ናቸው። አዲስ የነበረው የታሪኩ አገጣጠም ነው፤ እሱን ደግሞ በችኮላ የሚያነብ ሰው በቀላሉ አያየውም።

ሁለቱ ደራስያን ለአንድ ክፍል ስድስት ሳምንት ያህል ይሠሩ ነበር። ከዚህ ጊዜ ብዙው የሚያልፈው አንድም የንግግር መስመር ሳይጻፍ ነው። መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን ምን እንደማያውቅ፣ የትኛው ሰው በየትኛው ደቂቃ በየትኛው በር እንደሚገባ ይወሰናል፤ ንግግሩ የሚመጣው የታሪኩ አጥንት ከቆመ በኋላ ነው። ክሊስ እንደተናገረው በጊዜው ለግማሽ ሰዓት ኮሜዲ የሚጻፈው ድርሰት 65 ገጽ ገደማ ሲሆን የነሱ ከ120 ገጽ ያልፍ ነበር። ይህ ሁሉ በዚያው ግማሽ ሰዓት እንዲያልቅ ተዋንያኑ በጥድፊያ መናገር፣ በሩጫ መግባትና መውጣት ነበረባቸው። ለልምምድ የሚሰጣቸው አምስት ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ እሑድ ማታ በስቱዲዮ በተቀመጡ ተመልካቾች ፊት ይቀረጻል። ኤዲቲንጉም ለአንድ ክፍል ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ገንዘቡ ከድካሙ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ክሊስ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ድርሰትና ለባዚል ሚና ትወና ያገኘው 6,000 ፓውንድ እንደነበረና ኑሮውን የደጎመው ማስታወቂያ በመሥራት እንደሆነ በኋላ ዘመን ተናግሯል።

የአገጣጠሙን ብልኃት ለማየት በ1975 የተላለፈው የምርጥ እራት ምሽት ክፍል ይበቃል። ክፍሉ ሲጀምር ባዚል የተበላሸች ቀይ ኦስቲን መኪናውን ራሱ ሊጠግን ሲታገል ይታያል። ሲቢል ወደ ጋራዥ እንዲወስዳት ትነግረዋለች፤ እሱ ግን ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም። ተመልካቹ ነገሩን እንደ ተራ የባልና ሚስት ንትርክ አይቶ ይረሳዋል። ቀጥሎ ባዚል የከተማውን ታላላቅ ሰዎች ለልዩ እራት ይጠራል፤ ተራ ሰው እንዳይመጣ በማስታወቂያው ጭምር ይጽፋል። እንግዶቹ በመጡበት ሰዓት አዲሱ ምግብ አብሳይ ሰክሮ ይወድቃል። አንድሬ የተባለ የምግብ ቤት ባለቤት የተዘጋጀ ዳክዬ ሊሰጥ ስለተስማማ የምግብ ዝርዝሩ በቅጽበት ይለወጣል፤ እንግዶቹ የሚመርጡት ዳክዬ በብርቱካን፣ ዳክዬ በቼሪ ወይም ሁለቱም የሌሉበት ዳክዬ ነው። የመጀመሪያው ዳክዬ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ በማኑኤል እግር ይረገጣል። ባዚል ሁለተኛውን ሊያመጣ ሲከንፍ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች። በዚህ ጊዜ በሆቴሉ ፖሊ እየዘፈነች፣ ማኑኤል ጊታር እየመታ፣ ሲቢል ማለቂያ የሌለው ወሬ እያወራች የተራቡትን እንግዶች ለማቆየት ይጥራሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት በእንግሊዝ ኮሜዲ ታሪክ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ባዚል መኪናዋን እንደ ሰው ይቆጣታል፤ እስከ ሦስት ቆጥሮ ያስጠነቅቃታል፤ አልነሣ ስትለው ከመንገዱ ዳር የዛፍ ቅርንጫፍ አምጥቶ ይገርፋታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ ጥፋቱ የራሱ ስስት ሲሆን ቅጣቱን የምትቀበለው መኪናዋ ናት። ትዕይንቱ ለብቻው ተቆርጦ ሲታይም ያስቃል። ይበልጥ የሚያስቀው ግን ለመኪናዋ ጥገና ሊያወጣው ያልወደደው ጥቂት ፓውንድ አሁን ያከበራቸውን እንግዶች ሁሉ ሊያሳጣው መሆኑን ለሚያስታውስ ተመልካች ነው። በሩጫ ደርሶ ሳህኑን ሲከፍት ዳክዬው የለም፤ በስህተት ያነሣው ጣፋጭ ምግብ ነው። ባዚል ዓይኑን ማመን አቅቶት ዳክዬውን በክሬሙ ውስጥ በእጁ ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከታየው ነገር አንዱም ትርፍ አልነበረም፤ ሁሉም ለዚህ የተቀመጠ ነው።

ይህ ብልኃት «ፋርስ» የተባለውን የተወሳሰበ የመድረክ ኮሜዲ በሚጽፉ ፈረንሳውያን ዘንድ የታወቀ ነው። ክሊስና ቡዝ የጨመሩበት ሞተር ፍርሃት ነው። ባዚል በየክፍሉ የሚዋሸው ለትርፍ ወይም ለተንኮል አይደለም፤ ሲቢልን ስለሚፈራ ነው። በ1979 በታየው አንድ ክፍል ባዚል በፈረስ ውድድር ያሸነፈውን ጥቂት ገንዘብ ከሚስቱ ለመደበቅ ሲል ገንዘቡን ለሌላ ሰው በአደራ ያስይዛል፤ አደራ ተቀባዩ ይረሳል፤ መስክር የተባለው ማኑኤል ቀድሞ ምንም አታውቅም ተብሎ ስለታዘዘ አላውቅም ይላል። በዚሁ መካከል አንዲት ቁጡ አሮጊት እንግዳ ገንዘቤ ተሰረቀ ብላ ቤቱን ታምሳለች፤ አሮጊቷ በደንብ አትሰማም፤ የጆሮ መሣሪያዋንም ባትሪው እንዳያልቅ ዘግታ ነው የምትዞረው። ባዚል አንዲት ቃል ለሚስቱ እውነቱን ቢናገር ሁሉም ነገር በደቂቃ ይፈታል። ተመልካቹ ይህን ያውቃል፤ ባዚልም ያውቃል። ስለዚህ ሳቁ ከርኅራኄ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ክፉ አፍ ያለውን ሰው ማንም አሥራ ሁለት ጊዜ ሊያየው አይወድም ነበር።

ሲቢልን የተጫወተችው ፕሩኔላ ስኬልስ ገና ድርሰቱን እንዳነበበች እነዚህ ሁለት ሰዎች መጀመሪያውኑ ለምን ተጋቡ ብላ ክሊስን ጠየቀችው፤ እሱም ይኸው ጥያቄ እንዳይመጣ ሲፈራ ነበር። መልሱን ያገኘችው ራሷ ናት። ሲቢል ከባዚል ዝቅ ካለ ቤተሰብ የተገኘች፣ በጨዋ አነጋገሩ ተማርካ ያገባችው፣ ኋላም ያ አነጋገር ባዶ መሆኑን የተረዳች ሴት አድርጋ ቀረጸቻት። ከዚህ ውሳኔ በኋላ ሲቢል ጨቋኝ ሚስት ከመሆን አልፋ በሥራዋ ብርቱ፣ በትዳሯ የተታለለች ሰው ሆናለች፤ ለስኬልስ ከሚሰጣት የበለጠ ምስጋና ይገባታል።

የመደብ ነገር በሥራው ውስጥ ሁሉ ተሠራጭቷል። በእንግሊዝ ማኅበረሰብ አንድ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ከየትኛው መደብ እንደመጣ ይታወቃል፤ ባዚል ደግሞ ካለበት መካከለኛ መደብ ወደ ላይ ለመውጣት የሚቃትት ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሎርድ ነኝ ያለ እንግዳ ሲመጣ ባዚል ሌሎቹን እንግዶች ከገበታቸው አስነሥቶ ያጎበድድለታል፤ ሎርዱ አጭበርባሪ ሆኖ ሲገኝና በአደራ የተቀመጠው ሻንጣ ጡብ ብቻ የያዘ መሆኑ ሲገለጥ የባዚል ቁጣ የታለለ ሰው ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ያመለከው ጣዖት የወደቀበት ሰው ቁጣ ነው። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። በ1970ዎቹ ርካሽ የአውሮፕላን ጉብኝት እንግሊዛውያንን ወደ ስፔን ባሕር ዳርቻዎች ይወስድ ስለነበር እንደ ቶርኪ ያሉ ከተሞች እንግዳ እየራቃቸው ሄደ። ደራስያኑ ከስፔን የመጣ አስተናጋጅ በዚያ በሚፈዝ ሆቴል ውስጥ ማስቀመጣቸው የጊዜውን ሁኔታ በደንብ ያሳያል።

ማኑኤልን የተጫወተው አንድሩ ሳክስ ራሱ ስደተኛ ነበር። በ1930 በበርሊን ተወለደ፤ አባቱ አይሁዳዊ ስለነበሩ ቤተሰቡ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ ገባ። የስፔናዊ አነጋገር እንዳያቅተው ሠግቶ አስተናጋጁን ጀርመናዊ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ክሊስን ጠይቆት ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ሚናው በአካሉም ላይ ከባድ ነበር። በአንድ ቀረጻ ክሊስ በእውነተኛ መጥበሻ ራሱን መትቶት ለቀናት ታመመ፤ በሌላ ቀረጻ ደግሞ ልብሱን እንዲያጨስ የተቀባው ኬሚካል ክንዱን አቃጠለው። ባዚል ማኑኤልን በየክፍሉ በጥፊና በማንኪያ ይመታዋል። ዛሬ ላይ ይህን ማየት የሚከብደው ተመልካች አለ፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ድርሰቱ ከማኑኤል ጎን እንደሚቆም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማኑኤል ታዛዥ፣ ልበ ንጹሕ፣ የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው፤ ጥፋቱ የሚደርሰው ትእዛዙ ራሱ የማይረባ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የተዘጋው ጀርመናውያን እንግዶች በሚመጡበት ክፍል ነው። ራሱን የተመታው ባዚል ስለ ጦርነቱ ማንም እንዳያነሣ ሠራተኞቹን ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ ከራሱ አፍ ሌላ ነገር አይወጣም። ምግብ ሲያዝዙት እንኳ የናዚ ሹማምንትን ስም እየቀላቀለ ይደግማል። እንግዶቹ ጨዋና ትዕግሥተኛ ናቸው፤ አንዲቷም ታለቅሳለች። ጦርነቱ ካበቃ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ቢሆንም ከድሉ በቀር የሚኮራበት ያጣ የእንግሊዛዊ ዓይነት በዚህ ክፍል ተጋልጧል። በዚያው ክፍል አሮጌው ሻለቃ የዘር ስድብ ይናገራል። በ2020 አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት በዚሁ ምክንያት ክፍሉን ለጊዜው ካነሣ በኋላ በማስጠንቀቂያ መልሶታል። ክሊስ ሻለቃው የተጻፈው እንዲሳቅበት እንጂ እንዲደገፍ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ክርክሩ እውነት አለው፤ ስድቡ የተሰነዘረበት ሰው ሲሰማው የሚሰማውን ግን አይሽርም።

ሁለተኛው ምዕራፍ እስኪመጣ ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ ክሊስና ቡዝ በ1978 ተፋቱ፤ አብረው መጻፋቸውን ግን አላቋረጡም። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል፣ በ1979 የታየው የጋብቻ በዓል ክፍል ከሁሉም ይልቅ መራራ የሆነው። ባዚል ለሚስቱ ያልታሰበ ድግስ አዘጋጅቶ በዓሉን የረሳ ይመስላል፤ ሲቢል አዝና ከቤት ትወጣለች፤ እንግዶቹ ሲደርሱ ባዚል እውነቱን ከመናገር ይልቅ ታማለች ይላል፤ ፖሊም ሲቢልን መስላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። በዚያው ምዕራፍ አንድ እንግዳ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሞቶ ባዚል ሳያውቅ ቁርስ ያቀርብለታል፤ ቀኑ ባለፈበት የጢስ ዓሣ የገደለው መስሎት ይደናገጣል፤ ቀሪው ሬሳውን ከክፍል ክፍል የመደበቅ ሩጫ ነው። የመጨረሻው ክፍል ማኑኤል የሳይቤሪያ ሐምስተር ነው ብሎ የሚያሳድገው አይጥ፣ የጤና ተቆጣጣሪ በመጣበት ቀን ስለማምለጡ ነው። በቢቢሲ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ይህ ክፍል ከሌሎቹ ወራት ዘግይቶ ጥቅምት 25 ቀን 1979 ተላለፈ።

ሁለቱም ምዕራፎች የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚን (ባፍታን) የምርጥ ኮሜዲ ሽልማት አግኝተዋል፤ ሦስተኛ ምዕራፍ እንዲጻፍ የሚሻውም ብዙ ነበር። ደራስያኑ እምቢ አሉ። ስለ ሰዎቹ ሊሉ የሚችሉትን ሁሉ ብለው ጨርሰው ነበር። ክሊስ ለፊልም የሚሆን አንድ ሐሳብ እንደነበረው ግን ተናግሯል። ባዚል የማኑኤልን ቤተሰብ ሊያይ ወደ ስፔን ሲጓዝ አውሮፕላኑ ይጠለፋል፤ ባዚል በንዴት ጠላፊውን ያሸንፋል፤ አብራሪው ወደ ለንደን እንመለሳለን ሲል ግን ባዚል ሽጉጡን ይዞ ራሱ አውሮፕላኑን ይጠልፋል፤ ዕረፍቱንም በስፔን እስር ቤት ያሳልፋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ባዚልን በተዘጋ በር ውስጥ የማቆየት ሕጉንም አልጣሰም። ደራስያኑ ግን አልገፉበትም።

አሜሪካውያን ሥራውን በራሳቸው መልክ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። የ1978ቱ ከሙከራ ክፍል አላለፈም። የ1983ቱ «አማንዳስ» ሆቴሉን በአንዲት ሴት እጅ አድርጎ ባዚል የሚባለውን ሰው ጭራሽ አስወጣው፤ የሚፈራ ሰው ሲወጣ የሚዋሽም ጠፋ፤ ዝግጅቱም ወዲያው ከሰመ። የ1999ኙ «ፔይን»ም ዕድሜ አላገኘም። ዋናው ሥራ ወደ ስፔን ቴሌቪዥን ሲሄድ ማኑኤል ጣሊያናዊ ተደረገ፤ በካታሎንያ ቋንቋ ሲተላለፍ ደግሞ ሜክሲኳዊ ሆነ።

ከዝግጅቱ ጋር የተያያዙት ቦታዎች ዛሬ የሉም። በቴሌቪዥን ሆቴሉ ሆኖ የሚታየው በባኪንግሃምሽየር የነበረው ዉበርን ግሬንጅ በ1991 በእሳት ተበላ። የቶርኪው ግሌንኢግልስም ፈርሷል። ፖሊን የተጫወተችው ኮኒ ቡዝ ትወናን ትታ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ሆነች፤ አንድሩ ሳክስ በ2016 አረፈ። በግንቦት 2024 ለንደን አፖሎ ቲያትር ላይ የቀረበውን የመድረክ ሥራ ያቀናበረው ክሊስ ራሱ ነው። ለመድረኩ አዲስ ታሪክ አልጻፈም፤ ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱን፣ የሆቴል ተቆጣጣሪዎችን፣ የአሮጊቷንና የጀርመናውያኑን ክፍል ወስዶ በአንድ ምሽት አጋጠማቸው፤ የሻለቃውንም የዘር ስድብ አወጣው።